የአይዘን ኪዮካ ሱይጌትሱ በትክክል እንዴት ነው የሚሠራው? ሕጉ፣ ክፍተቶቹና ለኮሚክ ሠሪዎች የሚጠቅመው (ስፖይለር እስከ መጨረሻው ምዕራፍ)

ክፍል_አምስት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። የቲቴ ኩቦ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ብሊች ሲነሳ ስለ ቪለኑ ሶስኬ አይዘን ሰይፍ፣ ስለ ኪዮካ ሱይጌትሱ፣ የሚሰጠው አስተያየት ሁሌ ያው ነው። አንዱ ወገን «ገደብ የሌለው ችሎታ ነው፣ ቲቴ ኩቦ ሲጨንቀው የሚመዘው ሰይፍ ነው» ይላል። ሌላው «ምርጥ ቪለን» ብሎ ያልፋል። ማንጋው በግልጽ ያስቀመጠውን ሕግ ገልጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ሕጉ አለ፣ አጭርም ነው፣ በ686 ምዕራፍ ውስጥም በአብዛኛው ተጠብቋል። ሕጉን እዚህ አንድ ላይ እናስቀምጠው፣ ክፍተቶቹን እንለያቸው፣ የራሳቸውን ኮሚክ ለሚሠሩም ምን ምን እንደሚወሰድ እንነጋገር።

መነሻው ይህ ነው። ኪዮካ ሱይጌትሱ ወደ ሺካይ (የሰይፉ ኃይል ወደሚለቀቅበት መልክ) ሲፈታ ያየ ሰው በሙሉ አፍዝ አደንግዝ ሥር ይወድቃል። አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ አይዘን ባሻው ሰዓት የዚያን ሰው አምስቱንም የስሜት ሕዋሳት ይቆጣጠራል። መልክና ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ክብደት፣ ልስላሴ፣ ሽታ ጭምር። ለሐኪሟ ካፒቴን (የሺኒጋሚ፣ ማለትም የሞት መናፍስት ጦር፣ ክፍል አዛዥ) ለኡኖሃና ሲያብራራ ዝንብን ዘንዶ፣ ረግረግን የአበባ ማሳ አድርጎ ማሳየት እንደሚችል ይናገራል።

ብዙ ክርክር የሚነሳው ሦስት ነገር ከመዘንጋት ነው። ሰይፉን ማየት ለብቻው አያስይዝም፤ የሚያስይዘው ሲፈታ ማየት ነው። የሚለወጠው የሰው ስሜት እንጂ በቦታው ያለው ነገር አይደለም፤ ግድግዳው ግድግዳ ነው፣ የተወጋ ሰውም ተወግቷል። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው፦ ተይዣለሁ ብሎ ማወቅ አያድንም። ካፒቴኖቹ ሐሰተኛው ካራኩራ (በከተማዋ አምሳል የተሠራ የውጊያ ሜዳ) ላይ ሲዋጉ ችሎታውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ሆኖም ተታለሉ።

አብዛኛው የአይዘን ማታለል ከሰይፉ የመጣ አይደለም የሚል አቋም አለኝ። ሰይፉ የሚሸፍነው በተራ ውሸት ሊሸፈን የማይችለውን ጥቂት ነገር ብቻ ነው። የማትስማሙ ካላችሁ በምዕራፍ አስደግፋችሁ አምጡ።

ኢሳኔ_ተንተይኩራ

እስማማለሁ፤ ትልቁ ማስረጃ ደግሞ የሽፋን ታሪኩ ነው። ችሎታው እንዲሠራ ሰዎች ሰይፉ ሲፈታ ማየት አለባቸው። አንድ ካፒቴን ያለ ምክንያት ሰይፉን እየፈታ ለሰው ቢያሳይ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ስለዚህ አይዘን ኪዮካ ሱይጌትሱ የውሃ ዓይነት ሰይፍ እንደሆነና በጭጋግና በውሃ ነጸብራቅ ጠላትን አደናግሮ እርስ በርሱ እንደሚያዋጋ አስወራ። ከዚያ የየክፍሉን ምክትል ካፒቴኖች ሰብስቦ «ኑ ላሳያችሁ» አላቸው። ማሳየቱ ራሱ ወጥመዱ ነበር።

ውሸቱ እንዴት እንደተለካ ተመልከቱ። «ሰይፌ እሳት ይተፋል» ቢል ኖሮ አንድ ቀን እሳት ማሳየት ሊኖርበት ነው። እሱ የመረጠው ከእውነቱ አጠገብ ያለ ውሸት ነው፦ አዎ ያደናግራል፣ ግን በውሃ ነው፣ ግን ዓይንን ብቻ ነው። ድንገት አንድ ሰው ግራ ቢጋባ እንኳ ማብራሪያው አስቀድሞ ተሰጥቷል።

ቅጽ_ሃያ

እንደገና ለሚያነብ ሰው የአይዘንን የሐሰት ሞት ቅደም ተከተል ልጻፍ። መገለጡ ያለው በ20ኛው ቅጽ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ከዚያ ብዙ ምዕራፎች ቀድሞ ይጀምራል።

መጀመሪያ ጠቡ። አይዘንና ሌላው ካፒቴን ጊን ኢቺማሩ (በስውር ተባባሪው ነው) ኮሪደር ላይ ይጎነታተላሉ፣ ካፒቴን ሂትሱጋያም ይሰማል። ይህ ያለ ምንም አስማት የተሠራ ቲያትር ነው፤ ኋላ ላይ አይዘን ሲሞት ሁሉም ዓይን ወደ ጊን እንዲዞር ያደረገው ይህ ነው። ቀጥሎ አይዘን ራሱ ለምክትል ካፒቴኑ ለሬንጂ የጓደኛው የሩኪያ የሞት ፍርድ ያልተለመደ መሆኑን ያነሳለታል። ከወንጀሉ ጋር የማይመጣጠን ቅጣት ነው፣ ቀኑም እየተገፋ ቀረበ። ሴራውን ደርሶበት ሊገደል ያለ ደግ ካፒቴን ሆኖ በአንባቢው ልብ የሚቀረጸው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሬሳው። ምክትሉ ሂናሞሪ ቀና ስትል አለቃዋን ከፍ ካለ ግድግዳ ላይ በሰይፍ ተቸንክሮ፣ ደሙ እየወረደ ታየዋለች። ሬሳውን የመረመረችው ኡኖሃና ናት። ሰይፉ በእርግጥ የሠራው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደብዳቤው። ክፍሉ ውስጥ ለሂናሞሪ የተጻፈ ደብዳቤ ይገኛል፤ ገዳዩ ሂትሱጋያ እንደሆነ ያሳምናታል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ደብዳቤው ምትሃት አይደለም፤ አይዘን በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀትና ቀለም ነው። ልጅቷ የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች፣ አምናዋለች፣ የልጅነት ጓደኛዋ ላይ ሰይፍ የመዘዘችውም በዚያ ነው።

በመጨረሻ ማዕከላዊ 46። አርባ ሊቃውንትና ስድስት ዳኞች ያሉበት የፍርድ ምክር ቤት ነው። ሁሉም አስቀድመው ተገድለው ነበር፤ በስማቸው የሚወጣው ትእዛዝ የእነ አይዘን ነው። ሂትሱጋያ በሩን ሰብሮ ሲገባ ደሙ ደርቋል። ቤቱ ማንም እንዳይገባበት በሕግ የተከለከለ መሆኑ ሰይፉ ያልሠራውን ሥራ ሠርቷል፤ ማንም የማይገባበትን ክፍል ቀን ከሌት በምትሃት መሸፈን አያስፈልግም።

ክፍል_አምስት ያለው ልክ ነው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰይፉ የግድ ያስፈለገው ለሬሳውና ለምክር ቤቱ ገጽታ ብቻ ነው።

ጥያቄ_አለኝ

አንድ ነገር አልገባኝም። ሙሉ በሙሉ አምስቱንም ስሜት የሚይዝ ከሆነ ኡኖሃና እንዴት ጠረጠረች? እሷም ተይዛ ነበር።

ኢሳኔ_ተንተይኩራ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሁለት ነገር ያካትታል። አንደኛ፣ አልነቃችም። ሬሳውን ስትመረምር ትንሽ የማይመች ነገር ተሰማት እንጂ ሐሰት መሆኑን አላየችም። አይዘንም በችሎታው ሥር ሆና ያን ያህል መጠርጠሯን ያደንቅላታል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲያ የሄደችው በአእምሮዋ ነው፦ ሞቱ ሐሰት ከሆነ ሰውየው የሆነ ቦታ ተደብቋል፣ ከሁሉ የተሻለው መደበቂያ ደግሞ መግባት በፍጹም የተከለከለው የማዕከላዊ 46 መኖሪያ ነው። ይህን የደረሰችበት በሎጂክ ነው፤ ሎጂኳ ደግሞ ከስሜት ሕዋሳቷ ውጭ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ሁለት ነገር ስታለች። ሊደበቅ የመጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ለመደበቅ አልነበረም የመጣው። ሬሳውም የተዋጣለት አሻንጉሊት መስሏት ነበር። አይዘን በእጁ ያንጠለጠለውን የራሱን ሬሳ ሲያሳያት ተሰባብሮ ሰይፉ ይሆናል። ማለትም ካፒቴኖች የመረመሩት፣ የዳሰሱት ሬሳ ኪዮካ ሱይጌትሱ ራሱ ነው።

በተጨማሪ ኡኖሃና ካጠገቧ ካለችው ምክትሏ ኢሳኔ ጋር ሆነው ያንኑ ደቂቃ የሰሙት ነገር ካፒቴን ቶሰንን ያጋልጣል። ችሎታው ማየትን ይጠይቃል፣ ካናሜ ቶሰን ዓይነ ስውር ነው፣ ስለዚህ ሊያዝ አይችልም፤ የሚቀረው ከመጀመሪያው የአይዘን ሰው መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኢሳኔ በባኩዶ ቁጥር 77 (መልእክት በሚያደርስ አስማት) ለሁሉም መልእክቱን ያሰራጨችው።

ቀዝቃዛ_ዓይን

ይህ ሁሉ ለሶል ሶሳይቲ (የመናፍስቱ ዓለም) ክፍል ይሠራል። እኔ የማልቀበለው የካራኩራውን ነው። ካፒቴኖቹ በሙሉ ተረባርበው አይዘንን ወጉት፣ ሂትሱጋያ ደረቱ ላይ ሰይፉን ሰካ፤ ከዚያ ገጹ ሲገለጥ የተወጋችው ሂናሞሪ ናት። መቼ ተቀየረች? አንድም ፓነል (የሥዕል ሳጥን) አያሳይም። አይዘን የሚመልሰው «ኪዮካ ሱይጌትሱን እየተጠቀምኩ አይደለም ብላችሁ ያሰባችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ከተቀበልን የትኛውንም ትዕይንት ወደኋላ ተመልሶ «ሐሰት ነበር» ማለት ይቻላል። ይህ የደራሲ ማጭበርበር ነው።

ቅጽ_ሃያ

ወንድሜ ቀዝቃዛ_ዓይን፣ ገጹን እንደገና አውጣው። ሂናሞሪ ከመገለጧ በፊት ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢቺጎ «ምን እያደረጋችሁ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ኢቺጎ ሺካዩን አይቶ አያውቅም። በዚያ ሜዳ ላይ ካሉት ውስጥ ያልተያዘው ዓይን የእሱ ነው። ከዚያ ጩኸት በፊት ያሉት ፓነሎች ሁሉ የተሳሉት በተታለሉት ካፒቴኖች ዓይን ነው፤ ጩኸቱ ሥዕሉ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የተሻገረበት ስፌት ነው። ደራሲው ቅጽበቱን አላሳየም፣ ግን ምልክቱን ከመገለጡ በፊት አስቀምጧል። አንባቢው ገጹን ከማዞሩ በፊት የማወቅ ዕድል ነበረው።

ምልክቱ ከመገለጡ በኋላ ቢመጣ ኖሮ ከአንተ ጋር እስማማ ነበር።

ክፍል_አምስት

እኔም ልጨምር። «የትኛውንም ትዕይንት መቀልበስ ይችላል» የሚለው በሐሳብ ደረጃ ልክ ነው፣ በተግባር ግን ቁጠሩ። ታሪኩን የቀለበሱ ትልልቅ አጠቃቀሞች አራት ናቸው፦ የሬሳውና የምክር ቤቱ፣ ከ110 ዓመት በፊት የተደረገው፣ የሂናሞሪ መቀየር፣ እና በመጨረሻው ጠላት በይህዋች ላይ የተደረገው። ከ2001 እስከ 2016 በዘለቀ ሥራ አራት ጊዜ። ኩቦ ሰይፉን በጣም ቆጥቦ ነው የተጠቀመው።

ሰዎች በስህተት ለሰይፉ የሚሰጡት ነገርም አለ። ኢቺጎ ካራኩራ እንደደረሰ ከጀርባ የአይዘንን ማጅራት በጌትሱጋ (ከሰይፉ በሚወጣ የኃይል ምት) ይመታዋል፣ ምንም አይሆንም። ይህን ብዙ ሰው «ምትሃት ነው» ይላል። አይደለም፤ ኢቺጎ አልተያዘም። አይዘን ማጅራቱ ከሁሉም ተጋላጭ ቦታ እንደሆነ አስቦ አስቀድሞ መከላከያ አኑሮበት ነበር። ይህ ተራ ጥንቃቄ ነው።

ሳካናዴ

ስለ 110 ዓመቱ እኔ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በእኔ ግምት ከአራቱ ሁሉ የላቀው እሱ ነው። «ፔንዱለሙን መልስ» የሚባለው ክፍል ነው፣ ምዕራፎቹ ከዜሮ በታች ከ108 እስከ 97 የተቆጠሩት።

ያኔ አይዘን የ5ኛው ክፍል ምክትል፣ ሺንጂ ሂራኮ ካፒቴኑ ነው። ሺንጂ አልታለለም፤ ከመጀመሪያው ይጠረጥረዋል። ምክትሉ ያደረገው እንዲያውም ዓይኑን እንዳይነቅልበት ብሎ ነው። አይዘን ታዲያ የራሱን መልክ አልብሶ ሌላ ሰው በሺንጂ ኋላ አስከተለ። አንድ ወር ሙሉ ሺንጂን የተከተለው ሰው አይዘን አልነበረም።

አሁን ስህተቱን ፈልጉ። ምትሃት መልክንና ድምፅን ይለውጣል፤ ጠባይን፣ የአነጋገር ልማድን፣ የሚታወስ ነገርን ግን ተኪው ሰው ራሱ መጫወት አለበት። በቅርብ የሚያውቅህ ሰው ይነቃል። ሺንጂ ለምን አልነቃም? ምክንያቱም ስለጠረጠረው ርቀቱን ጠብቋል፤ አላወራውም፣ አልቀረበውም፣ ልቡን አልከፈተለትም። አይዘን ይህንኑ ፊት ለፊት ይነግረዋል፦ እንደ ሌሎቹ ካፒቴኖች ምክትልህን ብትቀርበው ኖሮ ትለየው ነበር ይለዋል። የጥርጣሬው መከላከያ ራሱ ክፍተቱ ሆነ።

ስለዚህ ሂናሞሪ በማመን ወደቀች፣ ሺንጂ ባለማመን ወደቀ። አንድ ቪለን ለሁለት ተቃራኒ ሰው ሁለት የተለያየ ወጥመድ ሲያጠምድ ማየት ያስደንቃል፣ ሁለቱም ላይ ሰይፉ ግማሹን ብቻ ነው የሠራው።

ጥያቄ_አለኝ

አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። እንግዲህ ማምለጫው ምንድን ነው? በናሩቶ ጌንጁትሱ ውስጥ የገባ ሰው የቻክራውን ፍሰት ያቋርጣል፣ ወይም ጓደኛው ቻክራ አስገብቶ ያነቃዋል። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

የጊን_መቶ_ዓመት

ከውስጥ የሚነቃበት መንገድ የለም፣ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው። ናሩቶ ላይ ውጊያው «ነቃሁ ወይስ አልነቃሁም» ነው። እዚህ ግን ከተያዙ በኋላ መንቃት ስለሌለ ውጊያው አስቀድሞ በተደረገ ነገር ላይ ነው። ማንጋው የሚያሳየን መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አለማየት። ቶሰን ዓይነ ስውር በመሆኑ፣ ኢቺጎ ደግሞ አጋጣሚው ባለመኖሩ ነጻ ናቸው። ካፒቴኖቹ ካራኩራ ላይ ኢቺጎን የሚከላከሉት ከሺካዩ እንዳይገናኝ ነው፤ ያ ስልት የሚሠራው ግን አይዘን ሰይፉን ለመፍታት ጥቂት ሰከንድ እንዳያገኝ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ነው።

ሰይፉን መንካት። ችሎታው ከመጀመሩ በፊት የሰይፉን ስለት የነካ ሰው አይያዝም። ይህን የሚያውቀው ጊን ኢቺማሩ ብቻ ነው፣ ይህችን አንዲት መረጃ ለማግኘት አሥርት ዓመታት ከጎኑ አሳልፏል። አፈጻጸሙን እዩት፦ እያወራ፣ የአይዘንን ሰይፍ ገለል የሚያደርግ መስሎ ስለቱን በእጁ ያዘ፣ ያንኑ ጊዜ የራሱን ሰይፍ ካሚሺኒ ኖ ያሪን ሰደደ። በሰይፉ ውስጥ ያለው መርዝ ሴልን የሚያሟሟ ነው። ዕቅዱ ከኪዮካ ሱይጌትሱ አንጻር ምንም እንከን አልነበረበትም። ያከሸፈው ሆግዮኩ የተባለው የኃይል ድንጋይ ነው፤ ጊን የሰይፉን ችግር ፈታ፣ ከአይዘን ጋር የተዋሐደውን ድንጋይ ግን ሊፈታ አልቻለም።

ሦስተኛው የዋናው አዛዥ የያማሞቶ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ሽማግሌው ስሜት ሊታመን እንደማይችል ስላወቀ ሊከላከል አልሞከረም፤ ሆን ብሎ ተወጋ። ሰይፉ ሆዱ ውስጥ እንዳለ የአይዘንን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። ዓይኑና ጆሮው ቢዋሹም በሥጋው ውስጥ ያለውን የሰይፍ መንፈሳዊ ኃይል አይስተውም የሚል ስሌት ነው። የሰይፉን ባለቤት ቦታ በራሱ ቁስል አረጋገጠ። ይህም የከሸፈው በምትሃቱ አይደለም፤ ዎንደርዋይስ የያማሞቶን ሰይፍ የሪዩጂን ጃካን እሳት ለማፈን ብቻ የተሠራ ፍጡር ስለነበረ ነው።

ልብ በሉ፣ የጊንም የያማሞቶም ዕቅድ ሰይፉን በእርግጥ አሸንፏል። ያሸነፋቸው ሁለተኛው መከላከያ ነው። አይዘን በራሱ ሰይፍ ላይ ብቻ አይደገፍም ነበር ማለት ነው።

ሳካናዴ

የሺንጂ ሰይፍ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ሳካናዴ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላን ትገለብጣለች። አይዘን መጀመሪያ ተቆረጠ፣ ግን ወዲያው ለመደው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሳካናዴ ግልበጣ ቋሚ ሕግ አለው፣ ሕጉን ያወቀ አእምሮ መልሶ ይገለብጠዋል። የኪዮካ ሱይጌትሱ ሐሰት ግን ቋሚ ሕግ የለውም፤ በየቅጽበቱ ባለቤቱ የሚመርጠው ነው። ስለዚህ አይለመድም።

ቀዝቃዛ_ዓይን

የኢቺጎን ጩኸት ተቀበልኩ፣ ጥሩ ማስረጃ ነው። የመጨረሻው ግን አሁንም ይከብደኛል። ይህዋች የወደፊቱን ሁሉ የሚያይ፣ የሚለውጥ ፍጡር ነው። እንዴት በምትሃት ይያዛል?

ክፍል_አምስት

ሁለት ቦታ ማገናኘት ያስፈልጋል። ይህዋች አይዘንን ከጎኑ ለማሰለፍ ሙኬን (ከምድር በታች ያለ እስር ቤት) ድረስ ይወርዳል። አይዘን ወንበር ላይ ታስሮ የ20,000 ዓመት ፍርዱን እየገፋ ነው። እንቢ ይለዋል። ይህዋች ሲወጣ ጊዜው ከገመተው በላይ እንዳለፈበት ይገነዘባል፤ በዚያ አጭር ግንኙነት አይዘን የጊዜ ስሜቱን አዛብቶበታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ብዙ አንባቢም ያልፋታል። ይህዋች ሊነካ እንደሚችል የተነገረን ግን ያኔ ነው።

ከመቶ በላይ ምዕራፍ በኋላ፣ በ684ኛውና በ685ኛው አካባቢ፣ ይህዋች ኢቺጎን የወጋ ይመስለዋል፤ የወጋው አይዘንን ነው። የወደፊቱን ማየት የሚታየው ነገር እውነት ነው ብሎ ማመንን ይጠይቃል። ይህዋች የሚያየው ወደፊት በገዛ ስሜቱ በኩል ነው የሚመጣለት፣ ስሜቱ ደግሞ ተይዟል። ምትሃቱ ብቻውን ግን አላሸነፈም። ይህዋች ከዚያም ተመልሶ ተነሳ፤ ኃይሉን ለቅጽበት ያቆመው የኢቺጎ ጓደኛ የኢሺዳ የብር ፍላጻ ነው፣ የቆረጠው ኢቺጎ ነው። ኪዮካ ሱይጌትሱ እስከ መጨረሻው ድረስ ሥራው አንድ ነው፦ ሌላ ሰው የሚመታበትን ቅጽበት መክፈት።

ብዕርና_ቀለም

እስካሁን የተጻፈውን ወደ ሥራ ላምጣው። የራሳችሁን ኮሚክ በአማርኛ የምትሠሩና አታላይ ቪለን የምታስገቡ ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚህ ነው።

ከመሳል በፊት ሠንጠረዥ አዘጋጁ። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ የትዕይንቱ ቁጥር፣ በቦታው ያለው ማን ነው፣ ከእነሱ ውስጥ የተያዘው ማን ነው፣ በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው፣ ለአንባቢው የሚታየው ምንድን ነው። አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ በሚለያዩበት ረድፍ ሁሉ ሦስተኛው ባዶ መሆን የለበትም። ባዶ ከሆነ፣ ማንም ሳይያዝ አንባቢውን ብቻ ነው የዋሻችሁት፤ አንባቢው የማይምረው ይህንን ነው።

ቀጥሎ፣ የሐሰቱን ትዕይንት ረቂቅ ሁለት ጊዜ ሥሩት። አንዱ በእርግጥ የሆነውን፣ አንዱ የሚታየውን። እርግጠኛውን ከጎናችሁ አስቀምጡና አካላዊውን ነገር አስተያዩ፦ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ የተሰበረው ግድግዳ፣ ደሙ የፈሰሰበት አቅጣጫ፣ የቁመት ልዩነት። ረጅም ሰው መስሎ የቆመው አጭር ሰው ከሆነ ደረት ላይ የገባው ሰይፍ ሲገለጥ የት ይውላል? ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሠዓሊ ሲገለጥ ቁስሉን ያንሸራትተዋል፣ አንባቢም ያያል።

የሐሰቱን ፓነል በተለየ መስመር አትሳሉት። የሚወዛወዝ ድንበር፣ ቀለል ያለ ቀለም፣ ጭጋግ፣ ሁሉም ቪለኑን ያጋልጣሉ። የብዕሩ ውፍረት፣ ጥላው፣ የጀርባው ባዶነት አንድ ዓይነት ይሁን። ኩቦ በነጭ የጀርባ ባዶነት የሚታወቅ ሠዓሊ ነው፤ ያ ባዶነት እዚህ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ሐሰቱም እውነቱም እኩል ባዶ ስለሆነ አንባቢ ከጀርባው ምንም ፍንጭ አያገኝም።

ገጽ ማዞር ላይ ተጠንቀቁ። የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ማጥመጃው ፓነል በግራው ገጽ ታችኛ ጥግ ነው፣ መገለጡ ዞር ሲሉ በሚመጣው በቀኙ ገጽ ላይ። የእኛ ተቃራኒ ነው። ማጥመጃው በቀኙ ገጽ ታች፣ ማለትም በጎዶሎ ቁጥር ገጽ መጨረሻ፣ መገለጡ በሙሉ ቁጥር ገጽ መጀመሪያ ይሁን። ሃያ ገጽ ላለው ምዕራፍ ለምሳሌ የመጀመሪያው ፍንጭ 5ኛ ገጽ፣ ሁለተኛው 11ኛ፣ ማጥመጃው የ15ኛው የመጨረሻ ፓነል፣ መገለጡ 16ኛ ገጽ ሙሉ። መገለጡ ጎዶሎ ገጽ ላይ ከወደቀ የአንባቢው ዓይን ጽሑፉን ሳይጨርስ አሻግሮ ያየዋል።

ሂናሞሪ_ትነሣ

ብዕርና_ቀለም፣ ይህን በጣም ነው የወደድኩት። አንድ ነገር ጨምሪበት፣ ለአማርኛ ብቻ የሚገጥም ችግር አለ፦ ግሣችን ጾታ ይናገራል። በሐሰት የተቀየረው ወንድና ሴት ከሆኑ ንግግሩ ያጋልጣል።

የሂናሞሪን ትዕይንት በአማርኛ እናስብ። የተያዘው ሰው የሚያየው አይዘንን ስለሆነ «ያዝኩህ» ማለት አለበት፤ ይህ ትክክል ነው። ያልተያዘው ምስክር ግን እውነቱን ስለሚያይ «እየወጋችኋት ነው» ቢል ያቺ «ት» ከመገለጡ በፊት ሁሉንም ታፈርሳለች። «እየወጋችሁት» ቢል ደግሞ ምስክሩ የማያየውን ተናገረ፣ ሕጉ ተጣሰ። ስለዚህ ተሳቢውን ጨርሶ የማይጠራ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል፦ «ምን እያደረጋችሁ ነው!»፣ «አቁሙ!»፣ «ዓይናችሁን ክፈቱ!» የመሳሰለ። ብዙ ቁጥር ሲሆን የሚጠሩትም ሰዎች ጾታ አይታወቅም። ለአክብሮት «እርሳቸው» የሚባል ገጸ ባሕርይ ካለ ይህ ይበልጥ ይቀላል፤ «እየወጓቸው ነው» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም።

ብዕርና_ቀለም

በጣም ትክክል፣ እህቴ። በዚያው ፊደሉን ላንሳ። የጃፓን የንግግር አረፋ ረጅምና ጠባብ ነው፣ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዳልተጠቀምኩበት» የሚል አንድ ቃል ጠባብ አረፋ ውስጥ ተሰብሮ ይገባና ንባቡን ያቋርጣል። አረፋውን ሰፊና አጭር አድርጉት፣ በአንድ መስመር ቢያንስ ሁለት ቃል የሚይዝ። የቪለኑን የማብራሪያ ንግግር ደግሞ በአንድ ትልቅ አረፋ አታጭቁት፤ አይዘን ሰይፉን የሚያብራራበት ትዕይንት የሚሠራው ንግግሩ በአጫጭር ተከፋፍሎ በመካከሉ የሚሰሙት ሰዎች ፊት ስለሚገባ ነው።

ጥያቄ_አለኝ

በስልክ ወደ ታች እየተሸበለለ የሚነበብ ከሆነስ? ገጽ ማዞር የለም።

ብዕርና_ቀለም

ገጹን የሚተካው ባዶ ቦታ ነው። የሥዕሉ ወርድ 800 ፒክስል ከሆነ የአሁን ረጃጅም ስልኮች በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት ወደ 1,700 ፒክስል ቁመት ነው። በማጥመጃውና በመገለጡ መካከል ከ1,700 እስከ 1,800 ፒክስል ባዶ ተዉ፤ ማጥመጃው ከስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መገለጡ መታየት የለበትም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አንባቢው ፋይሉ ያለቀ ወይም ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። ባዶው ቦታ ነጭ ከሆነ ነጭ፣ ጥቁር ከሆነ ጥቁር ሆኖ ይቆይ፤ በመሃል ቀለም ከተቀየረ ያው ፍንጭ ነው። ያልተያዘው ምስክር ጩኸት ያለበት አረፋ ደግሞ በባዶው ቦታ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ፣ ከማጥመጃው በታች 600 ፒክስል ያህል ዝቅ ብሎ፣ የኢቺጎን ጩኸት ሥራ በትክክል ይሠራል።